ጨጓራ ከተቀነሰ በኋላ ፕሮቲኑን በምን እንሙላው? (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አዲስ አበባ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ታስቀንስና ጅማ መጥታ ታገግማለች። 2 ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ የተፈጨ ምግብ ተብሏል። ቡናውን ለጊዜው ትተዋለች፤ ጅማ ተቀምጦ ከባድ ቢሆንም።

የቸገረን ፕሮቲኑ ነው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ያለው 8 ግራም ገደማ ነው፤ በአንዴ ከጥቂት ጉንጭ በላይ ስለማይወርድላት በወተት ብቻ አይሞላም። አጥሚትም ያው ዱቄት ነው። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ብንጨምርበት (30 ግራሙ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው) ያስቀምጣት ይሆን? በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮስ ከስንተኛው ሳምንት ይፈቀዳል?

መንገዱም ያሳስባል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ መምጣት እግር ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። በየሰዓቱ ወርዳ ብትራመድ ይበቃል ወይስ የደም ማቅጠኛ መርፌ ይዛ መውጣት አለባት?