ስማርት ላልሆነ ተች ስልክ አገልግሎቱ ይቆይ ወይስ ይዘጋ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ እንደ ኤልጂ ኩኪ፣ ሳምሰንግ ስታርና ኖኪያ አሻ 311 ያሉ ስልኮች ስክሪናቸው በጣት ይነካል፣ ካሜራና ሙዚቃም አላቸው፤ የዛሬዎቹን አፖች ግን አይጭኑም። ባንኩም፣ የጉዞ ትኬቱም፣ የሐኪም ቀጠሮውም በአፕ ብቻ እየሆነ ሲሄድ፣ የአጭር መልእክትና የኮከብ መሰላል ኮድ መንገድ ክፍት እንዲቆይ አገልግሎት ሰጪዎች በሕግ ይገደዱ ትላላችሁ?

ባለ ኩኪዋ፦ ይገደዱ እንጂ! እኔን የሚያደክመኝ ስልኩ ሳይሆን ሰዉ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውን ማንም "አፕ ጫን" አይለውም፤ አይቶ ይተወዋል። የእኔ ግን ከሩቅ ሲያዩት ስማርት ይመስላል። "አፑን አውርጂና ኮዱን ስካን አድርጊ" ይሉኛል። አይችልም ስል አጠቃቀሙ የጠፋብኝ ይመስላቸውና "እስቲ ላሳይሽ" ብለው ይቀበሉኛል። ከዚያ ጣታቸውን በስሱ ያንሸራትታሉ፣ ስክሪኑ ንቅንቅ አይልም። ጫን ማለት ይፈልጋላ፤ በጥፍር ቢሆን ደግሞ ይመርጣል። መልሰው ሲሰጡኝ አስተያየታቸው ተቀይሯል፤ በእነሱ ቤት ድሮም ግትር ነኝ።

ስልክ ጠጋኝ፦ ንቅንቅ የማይልበት ምክንያት አለው። የኩኪና የስታር ስክሪን ሁለት ስስ ንጣፍ ነው፤ ተጭነሽ ሲገናኙ ነው ቦታውን የሚያውቀው። ስለዚህ በጓንትም በብዕርም ይሠራል። የስማርቶቹ ግን የጣትን ኤሌክትሪክ ነው የሚለዩት። ደግሞ ተች ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሳምሰንግ ኮርቢና አሻ 311 ስማርት ሳይሆኑ በስሱ ይነካሉ። የኩኪዋ ሲያረጅ አንዱን ፊደል ነክተሽ ጎረቤቱ ይጻፋል። ያኔ ሴቲንግ ገብቶ የመስቀል ምልክቶቹን እየነኩ ማስተካከል ነው፣ ብዙዎች ሳያውቁ ይጥሉታል።

ፕሮግራመሩ፦ እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን አይዋጥልኝም። አጭር መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም። አንዱ አጭበርባሪ ሲምሽን በስምሽ ካስወጣ የማረጋገጫ ኮዱ እሱ ጋ ይሄዳል። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በስልክ መስመር የሚላክን ኮድ በገደብ ከሚፈቀዱት ውስጥ የመደበው ያለ ነገር አይደለም። በብሮውዘር ልግባ እንዳትዪ፣ የእነዚህ ስልኮች ብሮውዘር የዛሬውን ምስጠራ አያውቅም። ኦፔራ ሚኒ የሚባለው ቀላል ብሮውዘር ገጹን ይከፍት ይሆናል፤ ግን ገጹ በኦፔራ ሰርቨር ተጨምቆ ነው የሚመጣልሽ። የባንክ ሂሳብሽን በዚያ መንገድ ትከፍቺያለሽ?

ጣልቃ ገቢ፦ "አፕ አይጭኑም" የሚለውን ላርም፤ በጃቫ የተሠሩትን የድሮ ትንንሽ አፖች ይጭናሉ፣ መጫኛቸውን ጃር ፋይል በብሉቱዝ ስንቀባበል አልነበር እንዴ? ችግሩ ዛሬ የጃቫ አፕ የሚያዘጋጅ ባንክ አለማየቴ ነው።

ባለ ኩኪዋ፦ ለፕሮግራመሩ፦ በኦፔራ ሚኒ ባንክ አልከፍትም፣ አላልኩምም። ግን አፑ ራሱ መጀመሪያ ሲከፈት ቁጥርህን ጠይቆ ኮድ የሚልክልህ በምን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በአጭር መልእክት! ለአፑ ሲሆን የታመነው መንገድ ለእኔ ሲሆን የማይታመነው ለምንድን ነው? "በገደብ ይፈቀድ" ማለት ደግሞ "ይከልከል" አይደለም። ገደቡን አስቀምጡልኛ፤ በቀን የምልከው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው።

ማየት የተሳነኝ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም የኔን ጉዳይ ዘላችሁታል። ባለ ቁልፍ ስልክ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት ዳስሼ እደውላለሁ። ስማርት ስልክ ደግሞ የነካሁትን ያነብልኛል፤ አይፎን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ያደርጋል። እናንተ የምትከራከሩበት ስልክ ግን ቁልፉን ወስዶ ድምፁን አልሰጠም፤ ለእኔ ልሙጥ መስታወት ነው። ኮከብ መሰላል ብትሉኝስ የመጣውን ዝርዝር ማን ያነብልኛል? ሕጉ "አጭር መልእክትና ኮድ" ብሎ ከተጻፈ እኔ ውጭ ቀረሁ። "ያለ አፕ፣ በድምፅ ጥሪም ጭምር" ተብሎ ይጻፍ።

ስልክ ጠጋኝ፦ ይሄኛው ሐሳብ ያስኬዳል። ምክንያቱም ስልኩን ሕግ አያድነውም። ዋትስአፕ አሻ 311ን ለመሳሰሉ ስልኮች ሶፍትዌር፣ ለኖኪያ ኤስ40፣ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አቁሟል። የመጀመሪያዎቹ ኩኪና ስታር ደግሞ 2ጂ ብቻ ናቸው፤ 2ጂ በተዘጋበት አገር መደወልም አይችሉም። ባንኩን ብታስገድዱ ኔትወርኩን ምን ልታደርጉት ነው?

ፕሮግራመሩ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ነገ ለሚሞት ስልክ ዛሬ ሕግ አይወጣም።

ባለ ኩኪዋ፦ ኔትወርኩ ሲዘጋ ስልኬን እቀይራለሁ፣ አላለቅስለትም። የምገዛው ግን 4ጂ የሚሠራ ባለ ቁልፍ ነው፤ አዲስ እየተመረተ እየተሸጠ ነው፣ እሱም የባንክህን አፕ አይጭንም። ስለዚህ የሚሞተው የእኔ ስልክ እንጂ ጥያቄው አይደለም። ደግሞ ምስጠራ ምስጠራ ትለኛለህ፣ እሺ ለገንዘቡ ይሁንልህ። ማክሰኞ በ4 ሰዓት ሐኪም ጋ ልምጣ ለማለት አፕ ምን ያደርጋል?