ፍሬዛል ቨርብን የሚያስይዝ ምሳሌ ምን ዓይነት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦችን (ግሥ እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥባቸውን) ከነአማርኛ ፍቺያቸው በዝርዝር ሸምድጃለሁ፤ ፈተና ላይ ግን «ፑት ኦፍ» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) እና «ፑት አፕ ዊዝ» (መቻል፣ መታገሥ) ይምታቱብኛል። በምሳሌ ዓረፍተ ነገር አጥና ይሉኛል። ምሳሌውን በምን ልምረጥ? በቀን ስንት ልያዝ? ደግሞስ «አጥፋው» ለማለት «ተርን ኦፍ ኢት» ስህተት የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ 1
ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ቁርጥ ያለ ሕግ አለው። የሚለያይ ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም በሁለቱ ቃላት መሃል ተሳቢ ሊገባበት የሚችል፣ ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ፣ ተሳቢው የግድ መሃል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። ስም ሲሆን «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ያስኬዳል። ተሳቢው ረጅም ሐረግ ከሆነ ግን ሁለቱን ቃላት ባታራርቃቸው ይሻላል፤ አንባቢው «ኦፍ» ጋ እስኪደርስ ግሡን ይረሳዋል።

«ሉክ አፍተር»ን (መንከባከብ) የመሰሉት ደግሞ ጭራሽ አይለያዩም፤ «ሉክ ኢት አፍተር» የሚባል ነገር የለም። የቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በግምት አትሂድ። የኦክስፎርድና የሎንግማን የተማሪ መዝገበ ቃላት በሚለያዩት መሃል ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ያደርጋሉ። ቀስቱን ወደ ማስታወሻህ ገልብጠው።

መልስ 2
ወንድሜ፣ ፍሬዛል ቨርቡን በጣትህ ሸፍነውና የቀረውን አንብብ። ትርጉሙን መገመት ከቻልክ ምሳሌው ጥሩ ነው። «ሂ ጌቭ አፕ» ብቻውን ምንም አይነግርህም። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ ቢኮዝ ሂዝ ዶክተር ዋርንድ ሂም» ግን ሰውየው ማጨስ እንዳቆመ ራሱ ይናገራል። ላንተም እንዲህ፦ «ዜይ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ አንቲል መንዴይ»፤ እስከ ሰኞ ስለሚል ስብሰባው ተላልፏል። «አይ ካንት ፑት አፕ ዊዝ ዚስ ኖይዝ»፤ ጩኸት ደግሞ ወይ ይቻላል ወይ አይቻልም፣ ለሌላ ቀን የሚተላለፍ ነገር አይደለም።

ካርድ ሥራ። ከፊት ዓረፍተ ነገሩን በባዶ ቦታ፣ ከሥሩ ሐሳቡን ባጭር አማርኛ፤ ከጀርባ ሙሉውን። መልሱን ድምፅ አውጥተህ ሳትናገር አትገልብጥ። በቀን 5 አዲስ ይበቃል። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው እና በ14ኛው ቀን ተመለስበት፤ የሳትከው ካርድ እንደ አዲስ ይጀምር። «ቴክ ኦፍ» ለአውሮፕላን መነሣት ነው፣ ለልብስ ማውለቅም ነው፤ ለየትርጉሙ የየራሱ ካርድ ይኑረው።

መልስ 3
በዚህ ላይ አንድ ልጨምር፦ አንድ ግሥ የሚጋሩትን በአንድ ቀን አትያዝ። «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦቨር» ተደርድረው ሲጠኑ ይደባለቃሉ፤ ሁለቱ «ፑት»ዎችም የተምታቱብህ በዚሁ ይመስለኛል። በተከታዩ ቃል መመደብ ይሻላል። «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ሦስቱም እስኪያልቅ ድረስ የሚል ስሜት አላቸው። ሁሉም ግን በዚህ አይፈታም፤ «ብሪንግ አፕ» ልጅ ማሳደግ ነው። «ቁጭ አለ»ና «እምቢ አለ» ውስጥ «አለ»ን ለብቻው እንደማንተረጉመው ሁሉ፣ እንዲህ ያለውን እንደ አንድ ቃል ያዘው።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ። እስቲ እነዚህን እዩልኝ፦ «ሺ ሉክስ አፍተር ሄር ማዘር»፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ»፤ «ፕሊዝ ፒክ አፕ ሚ አት ሲክስ»።

መልስ 1
የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛው (በጉጉት መጠበቅ ማለት ነው) «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲኢንግ ዩ» ይሁን። እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ግሥ ሲመጣ «ኢንግ» ይጨምራል። ስም ተካበትና ሞክረው፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ይሄዳል አይደል? ስም ከተቀበለ ግሡም በ«ኢንግ» ይመጣል። ሦስተኛው ያው የ«ተርን ኢት ኦፍ» ነገር ነው፦ «ፒክ ሚ አፕ»። ስትናገረው ደግሞ «አፕ»ን ጠበቅ አድርግ፤ ብዙ ሰው «ፒክ»ን አጉልቶ «አፕ»ን ይውጠዋል።

መልስ 4
ለመደበኛ ደብዳቤ ከሆነ «ፑት ኦፍ»ን በ«ፖስትፖን»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»ን በ«ቶለሬት» ብትተካ ይመረጣል። ግን ፍሬዛል ቨርብ ሁሉ የወሬ ቋንቋ ነው ብለህ እንዳትሰርዝ፤ «ኬሪ አውት» (ማካሄድ) የጥናት ጽሑፍ ውስጥ በየገጹ አለ።