እሱ «ወኔ አለው»፣ እሷ «ሥልጣን ወዳድ»፦ የዕጩ መመልመያ ቅጹን እንዴት እናስተካክል?

ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ላይ ለከተማ ምክር ቤት ዕጩ የሚመለምል ኮሚቴ ቅጽ እያዘጋጀ ነው። ወንድ «መመረጥ እፈልጋለሁ» ሲል «ወኔ አለው» ይባላል፤ ሴት ስትለው «ምን አስቸኮላት?» ይመጣል። ችግሩ መኖሩን ሁሉም ያምናል፣ የቸገረን አሠራሩ ነው። ቅጹም ስብሰባውም ምን ይምሰሉ?

ከዚራ፦
ከሁሉ በፊት፣ የዕጩዎቹ ስም ሳይመጣ መስፈርቱ ይጽደቅ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይፈረምበት። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ዲግሪ ካላት «ሕዝቡን አታውቀውም»፣ ቀበሌ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ከሆነች ደግሞ «ትምህርቷ አነሰ»። ኡልማንና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይኸው ታይቷል፦ ለፖሊስ አዛዥነት ወንዱ ዕጩ የተማረ ሲሆን ገምጋሚዎቹ ትምህርትን ትልቅ መስፈርት አደረጉት፤ መስፈርቱን ቀድመው ሲወስኑ ግን አድልዎው ጠፋ።

ማመልከቻው ላይ ስም አይኑር፣ ቁጥር ብቻ። ግን ስም መሰረዝ አይበቃም፤ ግሱ ያሳብቃል። «መራች»፣ «አስተባበረች» ካለ ያው ታወቀች ማለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሁሉንም አንቱ ብሎ ይገልብጥ፦ «መርተዋል»፣ «አስተባብረዋል»። ወይዘሮና ወይዘሪትም ይውጡ። አቶ የተባለው ሰው ያግባ አያግባ ማን ይጠይቃል?

ነጥብ ከውይይት በፊት ይሰጥ። እያንዳንዱ አባል በየመስፈርቱ ከ1 እስከ 5 በእስክሪብቶ ሞልቶ ለጸሐፊው ያስረክብ፣ ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገር። አለበለዚያ ሁሉም መጀመሪያ የተናገረውን ተከትሎ ይሞላል። ከነጥቡ ጎን አንድ መስመር ማስረጃ ይኑር፦ መቼ፣ የት፣ ምን ሠሩ። «ኮስታራ ናት»፣ «ዓይን አውጣ ናት» ማስረጃ ስላልሆነ አይመዘገብም።

ጀጎል፦
ቅጹ ቢያምርም ሐረር ላይ ቀዳዳው ሌላ ነው። ስሙ የሚወጣው በርጫ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ዝርዝሩን ይጨርሱና ኮሚቴው በማግስቱ ማኅተም ይመታበታል። ሴቷ እዚያ ከሌለች የሚያነሳት የለም፤ ከተቀመጠች ደግሞ ሌላ ስም ይወጣላታል። መድኃኒቱ ጥቆማ በጽሑፍ ብቻ እንዲሆን፣ የመዝጊያ ቀን እንዲኖረው፣ በሥራ ሰዓት እንዲገባ ማድረግ ነው።

አፎቻም (እንደ ዕድር ያለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ይቆጠር። የሴቶች አፎቻ የምትመራ ሴት መዋጮ ትሰበስባለች፣ ሠርግና ለቅሶ ታደራጃለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። የእሱ የዕድር ሊቀመንበርነት «የአመራር ልምድ» ተብሎ ሲሞላ የእሷ «ማኅበራዊ ተሳትፎ» በሚል ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

«በኮታ የመጣች» የሚለውንም ተጠንቀቁ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፤ 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ በሕግ የተለዩ ናቸው። እዚያ የተቀመጠን ወንድ «የኮታ» የሚል ሰው ሰምታችኋል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35(3) ለሴቶች የተሰጠው ድጋፍ ሲነሳ ግን ቃሉ ካፍ አይጠፋም።

ደቻቱ፦
አቦ፣ ሥልጣን የጠማት ሴትም እኮ አለች። ሴት ስለሆነች ጥያቄው ይቅር?

ከዚራ፦
አይቅር፣ ለሁሉም ይጠየቅ። ኦኪሞቶና ብሬስኮል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የአንድ ፖለቲከኛን ታሪክ በወንድና በሴት ስም አቀረቡ። ሥልጣን ፈላጊነት ሲታከልበት ሴቷን የመምረጥ ፍላጎት ቀነሰ፣ ወንዱን አልነካውም። ሴት ተሳታፊዎችም እንደ ወንዶቹ ፈረዱ፤ ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ስላሉ ብቻ አትዝናኑ።

ጥማቱ በድርጊት ይመዘን። የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ማኅተምና ሰነድ በጊዜው አስረከቡ? ሂሳብ አስመረመሩ? በሌሉበት ሥራው ቀጠለ ወይስ ቆመ? ለሁሉም በአንድ ቃል፣ በአንድ ቅደም ተከተል። «ባለቤትሽ ምን አለ?» የሚለው ወንዱም ካልተጠየቀው ይሰረዝ።

ሳቢያን፦
እናመሰግናለን፣ አንቱታውን እናስገባዋለን። ቃለ መጠይቅ ላይስ? ሰውየው ፊት ለፊት ሲመጣ ቁጥሩ ምን ይሠራል?

ከዚራ፦
እዚያ ቁጥሩ አይሠራም። ለዚህ ነው የማመልከቻው ነጥብ ከቃለ መጠይቁ ቀድሞ በፖስታ የሚታሸገው። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ፖስታው ይከፈት፤ በአንድ መስፈርት ላይ 2 ነጥብና ከዚያ በላይ የቀነሰ አባል ካለ ያየውን ወይም የሰማውን በጽሑፍ ያስረዳ። ማስረዳት ካልቻለ የመጀመሪያው ነጥቡ ይጸናል።