ሴራሚክ ኮምፖዚት ሳይሰበር ውስጡን ማየት ይቻላል?

ጅማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ለመመረቂያ ሥራዬ ከአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) ፋይበርና ከአሉሚና ዱቄት ትንንሽ የኮምፖዚት፣ ማለትም በፋይበር የተጠናከረ ሴራሚክ፣ ሰሌዳ እየሠራሁ ነው፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር። ከእቶን ሲወጣ ከላይ ምንም አይታይበትም። ስሰብረው ግን አንዳንዱ ውስጡ ንብርብሩ ተላቆ ይገኛል። ከተሰበረ በኋላ ማወቄ ደግሞ ምንም አይጠቅመኝም፣ ለጥንካሬ ፈተና የምፈልገው ያንኑ ሰሌዳ ነው። ጀበና ሲገዛ እንደሚደረገው መታ መታ አድርጌ ድምፁን ሰማሁት፣ ግን ልቤ አላመነውም። ሲቪል ምህንድስና ክፍል ጋ ኮንክሪትን በድምፅ ሞገድ የሚፈትሽ አልትራሳውንድ አለ፣ ይሆነኛል? ወይስ ራጅ ላስነሳው?

ሞገድ፦
እህቴ፣ የኮንክሪቱ አይሆንሽም። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ54 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ድምፅ ሰሌዳሽ ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ይሄዳል ብንል የሞገዱ ርዝመት 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል፣ 4 ሚሊሜትር ውስጥ የተደበቀ ክፍተት ከየት አግኝቶ ያየዋል? በ5 ሜጋኸርዝ ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። ግን ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ስለሚበትነው ከ1 ወይም ከ2 ሜጋኸርዝ ጀምሪ። ድምፁን ከመሣሪያው ወደ ሰሌዳው የሚያሻግረውን ጄል በቀጥታ እንዳትቀቢው፣ ሰሌዳው ይጠጣዋል። በስስ ላስቲክ አሽገሽ አየሩን በደንብ አውጪና ከላይ ቀቢ።

ፈርነስ፦
ራጅ ለትልልቅ ቀዳዳ ጥሩ ነው። የተላቀቀ ንብርብር ግን ፊት ለፊት ሲነሳ አይታይም፣ ክፍተቱ በጣም ስስ ስለሆነ ጨረሩ ልዩነት አያገኝበትም። እኔ ብሆን ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን የሚያሳይ ካሜራ፣ እፈልግ ነበር። ፊቱን በጠንካራ ፍላሽ ለቅጽበት ታሞቂና ሲቀዘቅዝ ትቀርጪዋለሽ። ክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ሙቀቱን ያግደዋል፣ ስለዚህ እዚያ ጋ ያለው ፊት ከዙሪያው ዘግይቶ ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ይሄን እባክሽ አትለፊው፣ ሆን ብለሽ የተበላሸ ሰሌዳ ሥሪ። ስትደራርቢ መሃሉ ላይ ምስር የምታክል ስስ ፕላስቲክ አስገቢ። እቶን ውስጥ ይቃጠልና ክፍተቱ ይቀራል። መሣሪያሽ ያንን ካላየ፣ ሌላውን ሰሌዳ ጤነኛ ነው ቢልሽም አትመኚው።

ጅማዋ፦
ተባረኩ! ቴርማል ካሜራ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍል ጋ እጠይቃለሁ። ፕላስቲኩን ስንተኛው ንብርብር ላይ ላድርገው?

ፈርነስ፦
በአንዱ ሰሌዳ ለፊቱ ቀረብ፣ በሌላው ራቅ አድርጊው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ የሚፈልገው ጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ምልክቱም ይደበዝዛል። ስለዚህ ሁሉንም ገልብጠሽም ቅረጪ።