የተረጋጋው ፍሰት ከስሌቱ አንሷል፦ ስኪን ነው ወይስ የድሬኔጅ ቅርጽ?

ቀጥ ያለ የነዳጅ ጉድጓድ ነው። ፐርሚያቢሊቲ (ዓለቱ ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ) 5 ሚሊዳርሲ፣ የንብርብሩ ውፍረት 60 ጫማ፣ ፖሮሲቲ (በዓለቱ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ) 15 በመቶ፣ ቪስኮሲቲ (የዘይቱ ውፍረት) 1.2 ሴንቲፖይዝ፣ የዘይቱ ፎርሜሽን ቮልዩም ፋክተር (ከመሬት በታች ያለው መጠኑ ከላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር) 1.3፣ ጠቅላላ ኮምፕሬሲቢሊቲ (በግፊት የመጨመቅ መጠን) 0.000015 በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)። የጉድጓዱ ራዲየስ 0.35 ጫማ፣ የድሬኔጁ (ጉድጓዱ ዘይት የሚስብበት አካባቢ) 1500 ጫማ። መነሻ ግፊቱ 4200 ፒኤስአይ ነበር። የመጀመሪያው ቢልድአፕ (ጉድጓዱን ዘግቶ የግፊቱን መመለስ መለካት) ስኪን (በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ጉዳት የሚያመጣው ተጨማሪ መቋቋም) 4 ሰጥቷል፤ ደሪቬቲቩ (የግፊቱ ለውጥ ፍጥነት መስመር) በግልጽ ጠፍጣፋ ስለነበር ቁጥሩን አምነዋለሁ።

በእነዚህ ቁጥሮች ፍሰቱ የሚረጋጋው ከ1150 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ በ72ኛው ሰዓት የተለካውን የ0.127 ምርታማነት (በቀን የሚገኘው በርሜል ለግፊት ልዩነቱ ሲካፈል) አልተጠቀምኩበትም፤ ሲረጋጋ 0.117 በርሜል በቀን በፒኤስአይ እንደሚሆን አሰላሁ። ጉድጓዱ ግን ከ60 ቀን ምርት በኋላ፣ የታችኛው ግፊት 2900 ላይ ተይዞ፣ በቀን 110 በርሜል ብቻ ይሰጣል። በማቴሪያል ባላንስ (ከወጣው ዘይት መጠን በመነሳት) ያገኘሁት አማካይ ግፊት 4135 ገደማ ስለሆነ ምርታማነቱ 0.089 ነው። ባብል ፖይንቱ (ጋዝ ከዘይቱ መለየት የሚጀምርበት ግፊት) 2600 ነው፣ ውሃም አይወጣም፤ ስለዚህ ነጻ ጋዝንም ውሃንም ከጥርጣሬ አውጥቻለሁ።

በምርታማነት ቀመሩ የታችኛው ክፍል ያለው፣ ስኪኑንና የድሬኔጁን ተጽዕኖ የያዘው ድምር ከ11.6 ወደ 15.3 አድጓል ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ፎልት (የዓለት ስብራት) ስላለ ድሬኔጁን 4 ለ1 አራት ማዕዘን አድርጌ ሞከርኩት። የቅርጽ ፋክተሩ (የድሬኔጁን ቅርጽ የሚወክለው ቁጥር) ከክቡ 31.62 ወደ 5.379 ቢወርድም የሚጨምረው 0.9 ብቻ ነው፤ 2.8 ያህሉ ሳይብራራ ይቀራል። ጉዳቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው ዓለት ላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ አሲድ ማስገባት አልፈልግም።

ጉድጓዱን መዝጋት የሚፈቀደው ቢበዛ ለ24 ሰዓት ነው። ጌጅ (የግፊት መለኪያ መሣሪያ) ከታች አስቀምጦ የሚደረግ የ24 ሰዓት ቢልድአፕ የስኪኑን ጭማሪ ከቅርጹ ተጽዕኖ ለይቶ ለማሳየት ይበቃል ወይስ ሳይዘጋ በሁለት የፍሰት መጠን መፈተሽ ይሻላል?