አህጉራት መንቀሳቀሳቸውን ተማሪን በምን ላሳምን?

ጠያቂ (መምህርት)
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ድሮ አንድ ላይ እንደነበሩ ለማስረዳት ሁለቱን ጠረፎች ካርታ ላይ ገጥሜ ሳሳይ፣ አንድ ተማሪ «ስለተመሳሰሉ ብቻ ተንቀሳቅሰዋል ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማስረጃ ይዤ ልመለስለት እፈልጋለሁ። ከየቱ ልጀምር? ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የአለት ወዳጅ
መምህርት፣ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ያለው ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነርም ሐሳቡን በ1912 ሲያቀርብ ተቃውሞ ገጥሞታል። እሱ በጠረፍ ቅርጽ ብቻ አልቆመም፤ ቅሪተ አካልም አክሎበታል። ሜሶሳውረስ የሚባለው፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ገበሎ አስተኔ የተገኘው በደቡባዊ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። አትላንቲክን የሚያህል ውቅያኖስ ዋኝቶ ተሻገረ ማለት ይከብዳል። ግሎሶፕተሪስ የተባለው ተክል ደግሞ በሁለቱ አህጉራት፣ በሕንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በአንታርክቲካ ሳይቀር ተገኝቷል።

ጠያቂ (መምህርት)
ይህን ብነግረው «በመካከል የሰመጠ መሬት ቢኖርስ?» ማለቱ አይቀርም።

የባሕር ወለል
ይበል! የዚያ ዘመን ሊቃውንትም ያሉት ይህንኑ ነው። መልሱ ያለው ውቅያኖሱ ሥር ስለሆነ ትምህርቱን ወደዚያ ይውሰዱት።

በአትላንቲክ መሐል ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት አለ። እዚያ ቅልጥ አለት ከታች ይወጣና ቀዝቅዞ ባዛልት ይሆናል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ብረት አዘል ማዕድናት የዚያን ጊዜውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የምድር ማግኔት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል፣ ማለትም ሰሜንና ደቡቡ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የመጨረሻው ግልበጣ 780,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። መርከቦች ማግኔት መለኪያ እየጎተቱ ወለሉን ሲቃኙ፣ ከሰንሰለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ አንዱ ቀና ሌላው ግልብጥ የሆኑ መስመሮች አገኙ። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ በምሥራቅ ያለው የመስመሮቹ ቅደም ተከተልና ስፋት በምዕራብም መደገሙ ነው። የምድር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ በ1963 ምክንያቱን አስረዱ፦ አዲስ ወለል መሐል ላይ ይሠራል፣ አሮጌው ወደ ሁለቱም ጎን ይገፋል።

ከ1968 ጀምሮ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ወለሉን ስትቆፍር፣ ከሰንሰለቱ በራቁ ቁጥር ባዛልቱ ላይ ያረፈው ደለል ዕድሜው እየጨመረ ሄደ። በመካከል ሁለቱን አህጉራት የሚያገናኝ የሰመጠ መሬት ቢኖር ኖሮ ይህ ሥርዓት ባልታየ ነበር። ደግሞም የአህጉር አለት ከውቅያኖስ ወለል አለት ይቀላል፤ እንዲያ በቀላሉ አይሰምጥም።

ካርታ ሠሪ
ዛሬማ በጂፒኤስ ይለካል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። አውስትራሊያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በዓመት 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በ1994 ላይ የተመሠረተው የአገሪቱ የካርታ መነሻ እስከ 2020 ድረስ 1.8 ሜትር ያህል ስለተዛነፈ በአዲስ ተተክቷል።

የአለት ወዳጅ
አፋርንም አይርሱ። በ2005 ማግማ (ቅልጥ አለት) ከመሬት በታች ሰርጎ ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር መሬቱን በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራርቆታል።

ጠያቂ (መምህርት)
እግዜር ይስጥልኝ! የማግኔቱን ነገር በእጃቸው ሠርተው የሚያዩበት ዘዴ ይኖር ይሆን?

የባሕር ወለል
አለ። ሁለት ጠረጴዛ አስጠግተው ጠባብ ክፍተት ይተዉ። ሁለት ረጃጅም ወረቀቶችን በክፍተቱ ከታች ወደ ላይ ያውጡና አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ እኩል ይሳቡ። ጥቂት በተሳበ ቁጥር ተማሪዎቹ ከክፍተቱ የወጣውን ክፍል በሁለቱም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም ይቀቡ፤ ቀጥሎ ቀለሙን ይለውጡ። ሲጨርሱ የወለሉን ዕድሜ ከቀለሞቹ ቅደም ተከተል ራሳቸው ያነባሉ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይንገሯቸው፦ አህጉሩ የባሕሩን ወለል እየሰነጠቀ አይሄድም። ቬገነር ያልተሳካለት እዚህ ላይ ነው። የሚሄደው ፕሌቱ፣ ማለትም የምድር ጠንካራ የውጭ ሽፋን ትልቅ ቁራጭ ነው፤ የብሱንም የባሕሩን ወለልም አንድ ላይ ተሸክሞ።