አስቸኳይ፦ አዲሱ ጎማ ሲታጠፍ ፓራፋንጎ ይነካል፤ ቅዳሜ ሠርግ አለብን

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ሐሙስ ማታ)
ወገኖች ድረሱልኝ። ዛሬ አዲስ ቸርኬና ጎማ አስገጥሜ ስወጣ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር የቀኝ የፊት ጎማ ክርርር አለ። ወርጄ ሳየው የፓራፋንጎው የታችኛ ጠርዝ ጎማውን ልጦታል። ቅዳሜ የወንድሜ ሠርግ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚሄዱት በዚህ መኪና ነው፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ጎማው 255/60 አር 15 ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት። የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ልጠፍጥፈው ወይስ በግራይንደር ልቁረጠው? ዛሬ ማታ መጀመር አለብኝ።

ፈጣን
ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ብረት) አስገባበት። እኔም እንዲህ ሆኖብኝ 1 ኢንች ስፔሰር ነው የገላገለኝ።

ጎሚስታው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ወንድሜ፣ ግራይንደሩን መጀመሪያ አስቀምጠው። መኪናው ምንድን ነው? የስንት ዓመተ ምሕረት? ቸርኬው ስንት ኢንች ይሰፋል? «ጎማ ነካ» ብቻ ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሆዴን አመመኝ» እንደማለት ነው፤ ሆድ ውስጥ ብዙ ነገር አለ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ፣ 350 ቪ8። ቸርኬው 15 በ 8 ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ሻጩ «የካማሮ ነው፣ ይገጥማል» አለኝ፤ እውነትም አምስቱም ቡሎን ልክ ገብቷል።

አባ ቮልስ (አዲስ አበባ)
ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ስማኝ። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ወርዱ 255 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ አላየም። የ69ኙ ካማሮ ኤስ ኤስ የሚባለው ዓይነት ይዞ የወጣው ኤፍ70-14 ነው። ፊደሉ የጎማውን የመሸከም መጠን ይነግርሃል፤ ፊደሉ ከኤ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጎማው ይገዝፋል። 70 ማለት የጎማው ቁመት ከወርዱ 70 በመቶ ነው፤ 14 የቸርኬው ዲያሜትር። ያን ዘመን ጎማው ራዲያል አልነበረም፤ ክሩ በሰያፍ የተሰናሰለ ነበር። ዛሬ ኤፍ70-14ን የሚተካው 215/70 አር 14 ገደማ ነው። ዜድ/28 የሚባለው ጉልበተኛው እንኳ 15 በ 7 ቸርኬ ላይ ኢ70-15 ነበር ያደረገው። እንግዲህ ለፊት እግር 255 ማን መከረህ? የፊት ጎማ ይታጠፋል፣ የኋላው አይታጠፍም። ሁለቱን እኩል ማስፋት ለዓይን ያምራል፣ ለመሪ ግን ሸክም ነው። አሮጌዎቹን 14 መልስና ሠርግህን በሰላም አድርስ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
ጋሼ፣ ምክርዎን አከብራለሁ። ግን ሰፊ ጎማ ያደረገ ካማሮ ስንት አይቻለሁ፤ ለምን የእኔ ብቻ ይነካል?

የዳላሷ
እህትህ ነኝ፣ ባለቤቴና እኔ ሁለት የ68 ካማሮ አድሰናል። ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ጎማው ስፋት ላይ ብቻ አይደለም። ቡሎኑ መግባቱ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቀዳዳዎቹ ክብ 5 በ 4.75 ኢንች መሆኑን። ቸርኬው መኪናው ሥር ገብቶ ይቀመጥ ወይስ ወደ ውጭ ይውጣ የሚወስነው ባክስፔሲንግ ነው። ቸርኬውን ፍታና ፊቱን ወደ መሬት አድርገህ አስተኛው። በጀርባው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድም። ከእንጨቱ የቡሎን ቀዳዳዎቹ እስካሉበት ጠፍጣፋ ቦታ ድረስ በሜትር ለካ። የምታገኘው ቁጥር ባክስፔሲንግ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ፓራፋንጎ ይነካል፤ ከበዛ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞላውንና የመሪውን ዘንግ ይነካል።

ፈጣን
ለዚህ ነው ስፔሰር ያልኩት።

የዳላሷ
ወንድሜ ፈጣን፣ ስፔሰር ጎማውን የሚገፋው ወደ ውጭ ነው። የሱ ጎማ ደግሞ አሁን የሚነካው ውጭ ያለውን ፓራፋንጎ ነው። 1 ኢንች ቢጨምርበት ቅዳሜ ጠዋት ፓራፋንጎውን ከመሬት ነው የሚያነሳው። ያንተ መኪና ውስጥ በኩል ይነካ ነበር መሰለኝ።

ፈጣን
አዎ ውስጥ ነበር።

ሰናይ_ሲያትል
የጓደኛዬ ቢኤምደብሊው ቸርኬ 5 በ 120 ነው፤ ለካማሮም ይገባል ይላሉ። እሱን ለጊዜው ቢዋስስ?

ጎሚስታው
የካማሮው 120.65 ሚሊሜትር ነው። 0.65 ሚሊሜትር ለዓይን ምንም ነው፤ ግን ዳዶው ቀዳዳው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተደግፎ ይጠብቃል፣ ሲሄድ ይላላል። ሙሽራ በሚጫን መኪና ላይ ቀርቶ ባዶውንም አላደርገውም። የፎርዱ ማስታንግ ቸርኬ ደግሞ 5 በ 4.5 ነው፤ ጭራሽ አይገባም።

አባ ቮልስ
ልጄ፣ አሮጌውን 14 መልስ ብያለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
ጋሼ፣ 14ቱን አልጣልኳቸውም። ግን አይገቡም። ባለፈው ክረምት የፊቱን ታምቡር ፍሬን አውጥቼ የዲስክ ኪት አስገጥሜያለሁ፤ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) 14 ቸርኬውን ከውስጥ ይነካል። ወደ 15 የሄድኩትም ለዚህ ነው።

የዳላሷ
እንዴ፣ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን! ብዙዎቹ የዲስክ መቀየሪያ ኪቶች ቸርኬው የሚቀመጥበትን ቦታ ራሱን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ አንዳንዱ ግማሽ ኢንች ይደርሳል። ስለዚህ የሌላ ሰው ካማሮ ላይ የማይነካ ቸርኬ አንተ ላይ ይነካል። መኪናህ እኮ አሁን እንደ ጥንቱ 69 አይደለም። ሂድና ለካ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል)
ለካሁ። 3.75 ኢንች።

ጎሚስታው
አገኘነው። 15 በ 8 የሚባለው ቸርኬ ከጠርዝ ጠርዝ 9 ኢንች ገደማ ነው፤ ባክስፔሲንጉ 3.75 ከሆነ 5.25 ኢንቹ ወደ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ኪቱ የገፋውን ጨምርበት። ለፊት የምትፈልገው 15 በ 7፣ ባክስፔሲንጉ 4.25 የሆነ ቸርኬ ነው፤ ራሊ የሚባሉት የሼቭሮሌት የድሮ ቸርኬዎች እንዲህ ዓይነት አላቸው። እሱ ውጭው 3.75 ብቻ ነው፤ የቸርኬው ጠርዝ ካሁኑ 1.5 ኢንች ወደ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ 225/60 አር 15 ወይም 215/65 አር 15 አድርግ። ነገ ዓርብ ከሥራ በፊት ያገለገለ ራሊ የሚሸጡትን ደውላቸው፤ ያንተ አካባቢ ሁለት ማግኘት አይከብድም። ሲገጠም ግን መጀመሪያ ያለ ጎማ ቸርኬውን ብቻ አስገብተህ በእጅ አዙረው፤ ካሊፐሩን ካልነካ ነው ጎማ የሚለብሰው። ከገጠምክ በኋላ ደግሞ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙር፤ መኪናው ክሪክ ላይ ሳይሆን መሬት ቆሞ። ክሪክ ላይ ሞላው ስለሚዘረጋ ውሸት ይነግርሃል።

የዳላሷ
የኋላውንም አትርሳው። 15 በ 8 ላይ 255/60 ለካማሮ ኋላ የታወቀ ልክ ነው፤ ግን ባክስፔሲንጉ 4.5 ሲሆን። ያንተ 3.75 ስለሆነ ባዶውን አይነካ ይሆናል፤ ሙሽሮቹ ከኋላ ሲቀመጡ ባሌስትራው ይወርዳል፣ የኋላው ፓራፋንጎ ጠርዝ ጎማውን ያገኘዋል። ነገ ሁለት ግዙፍ ጓደኞችህን ከኋላ አስቀምጥና የጓሮህን መግቢያ ጉብታ ዝለቅ። ከነካ ኋላውን ወደ 235/60 አር 15 አውርደው፤ እሱም ካልበቃው ለቅዳሜ ፊትም ኋላም ራሊ አድርግ።

አባ ቮልስ
እህቴ ተባረኪ፣ የኪቱን ነገር እኔ አላሰብኩትም ነበር። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። 255/60 አር 15 ቁመቱ 687 ሚሊሜትር ነው፣ የድሮው 215/70 አር 14 ደግሞ 657። የፍጥነት መቁጠሪያው ከኋላ እግር ስለሚቆጥር 60 ማይል ሲያሳይህ 63 ገደማ እየሄድክ ነው።

ጎሚስታው
ጎማዎቹም ያገለገሉ ከሆኑ ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያለውን አራት ቁጥር እይ። 3119 ካለ በ2019 በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተነካ፣ ግን 15 ዓመት ጋራዥ የተኛ ጎማ ስንቱን አሳስቷል። የተላጠውንም ጎማ ወደ ኋላ እንዳታዞረው፤ ጎኑ ላይ ክር ከታየ ይጣል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
ጎኑን በእጄ ዳሰስኩት፣ ክር አይታይም፤ ጠዋት በብርሃን አየዋለሁ። ቁጥሩን አነባለሁ፤ ሁለት ራሊ ያለው ሰው ፍሬድሪክ ከተማ አግኝቻለሁ፣ በማለዳ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ግራይንደሩን ወደ ቦታው መልሻለሁ።

ፈጣን (እሑድ)
ሠርጉ እንዴት ሆነ?

የዳላሷ (ማክሰኞ)
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ዳዶዎቹን ከመጀመሪያው 50 ማይል በኋላ እንደገና አጥብቃቸው፤ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው የተመለስኩት።

ማስታንግ_አትላንታ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። የኔ የ66 ማስታንግ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ እዚህ የጠቀሳችሁት 5 በ 4.5 ቸርኬ ይገባለታል?

ጎሚስታው
ዳዶዎቹን ቁጠራቸው። የዚያ ዘመን ባለ ስድስት ሲሊንደሩ አራት ቡሎን ነው፤ አምስት የሆነው ቪ8ቱ ነው። አራት ከሆነ አዲስ ጥያቄ ክፈት፤ የዲስክ ፍሬን አስገጥመህ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ንገረን።